ክር፦ ያለ ኬሚካል ነጭ ወይን ጠጅ ሰሜን ሸዋ ላይ ይወጣል?

ክሩ ረዝሟል። አዲስ የገባ ሰው መጨረሻውን ብቻ ያይና ከላይ ሦስት ጊዜ የተመለሰውን ጥያቄ እንደገና ይጠይቃል፤ የቀደሙት ይቆጣሉ፤ ጭቅጭቁ ከወይኑ ይበልጣል። ስለዚህ የተባለውን በየተራው አሳጥሬ ላስቀምጥ። የማልስማማበት ቦታ ላይ ዝም ማለት እንደማልችልበት የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

መነሻው ይህ ነው። ጠያቂው ከደብረ ሲና ወደ ሸዋሮቢት ሲወረድ፣ አርማንያ አካባቢ፣ ከአባቱ የቀረ ባለ እርከን መሬት አለው። የምንጭ ውሃ ይገባዋል። ብርቱካን፣ ሎሚና ጥቂት ጌሾ አለበት፤ ደጃፉ ላይ ደግሞ ማን እንደተከላት የማይታወቅ አንዲት የወይን ሐረግ ዳስ ላይ ወጥታለች። እህቱ ጣልያን አገር፣ ቬሮና አጠገብ ሶአቬ በሚባለው ቦታ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻውን በሚያስተዳድረው ትንሽ የወይን እርሻ ትሠራለች። ነጭ ወይን ብቻ ነው የሚያወጡት፤ እርሻቸውም ኦርጋኒክ ነው፤ ሠራሽ መድኃኒትና ማዳበሪያ አይገባበትም። ጠያቂው እኛስ ከማን እናንሳለን ይላል። አያይዞም ኢትዮጵያ ውስጥ ነጭ ወይን ጠጅ የሚያመርት እንደሌለና ገበያው ባዶ እንደሚጠብቃቸው ጽፏል።

1ኛው መልስ ከአንኮበር የጻፉ አባት ናቸው። እንኳን አሰባችሁት ብለው መርቀው ሦስት ነገር ጠየቁ፤ ከፍታው ስንት ነው፣ ውሃውን ከማን ጋር ትካፈላላችሁ፣ የይዞታ ደብተሩስ በማን ስም ነው። ጠያቂው ከፍታውንና ውሃውን መለሰ፤ ደብተሩን ዘለለው። ያኔ ማናችንም ልብ አላልነውም።

2ኛዋ ሆቴል ውስጥ መጠጥ ክፍል የምትሠራ ናት። በትሕትና አረመችው። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከሚላና ክሪስታል ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ዝዋይ ያለው የካስቴል እርሻም ሻርዶኔ የሚባለውን የነጭ ወይን ዝርያ ተክሎ ነጩን አካሽያ በጠርሙስ እያወጣ ነው፤ ለገበያ የቀረበውም እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ገበያው ባዶ አይደለም፤ ባዶ የሆነው በቤተሰብ ደረጃ የሚሠራ ሰው ነው አለች። ጠያቂው አመስግኖ ተቀበለ። ክሩ እንዲህ ጨዋ ሆኖ የቆየው እስከ 6ኛው ድረስ ነው።

3ኛው የደብረ ብርሃን ልጅ ለምን ወደ ቆላ ትወርዳላችሁ አለ። ነጭ ወይን ብርድ ይወዳል፣ ብርድ ደግሞ እኛ ጋ በነጻ ነው፤ ሁለት ቢራ ፋብሪካ የያዘች ከተማ አንድ የወይን ቤት አያቅታትም ባይ ነው። 4ኛዋ የዚያው ከተማ ልጅ አላስጨረሰችውም። 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ባቄላውን እንኳ አጥቁሮ ሲያሳድር እያየህ የወይን ለጋ ቅጠል ልታሳድግ ነው ወይ አለችው። ሐረጉ ከውርጭ ቢተርፍ እንኳ ፍሬው አይጣፍጥም፤ ስኳር ከሌለ ደግሞ አልኮል የለም። ስሌቱንም አስቀመጠች። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር አንድ ፐርሰንት አልኮል ይሰጣል፤ 12 ፐርሰንት ለመድረስ በሊትር ከ200 ግራም የማያንስ ስኳር ፍሬው ውስጥ መገኘት አለበት። ልጁ ሳቅ ብቻ ለጥፎ ሄደ።

5ኛውን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ጸሐፊው ሕንድ አገር ፑኔ የተማረ የግብርና ሰው ነው። ችግሩ ሙቀቱ ሳይሆን ዝናቡ ነው አለ። በእኛ አካባቢ ወይን እንደ አውሮፓ ክረምት መጣ ብሎ ቅጠሉን አራግፎ አይተኛም፤ ዓመቱን ሙሉ ማደግ ይፈልጋል፤ የሚያስተኛውና የሚቀሰቅሰው የገራዡ መቀስ ነው። ከፑኔ በስተሰሜን ናሺክ በሚባለው የወይን አገር የሚያደርጉትን ዘርዝሯል። በዓመት ሁለት ጊዜ ይገርዛሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይለቅማሉ። የመጀመሪያው ግረዛ ከለቀማ በኋላ ሐረጉ እንጨቱን እንዲያሳድግ ነው፤ በዝናቡ ወራት ፍሬ አይጠበቅበትም። ሁለተኛው ዝናቡ ሲወጣ ነው፤ ፍሬው ከዚያ በአራትና በአምስት ወር ውስጥ፣ በደረቁ ጊዜ ይደርሳል። ወደ እኛ ሲመጣ መስከረም ላይ ገርዞ ጥርና የካቲት ላይ መልቀም ማለት ነው። ግን ሰሜን ሸዋ በልግ አለው። የካቲት መጨረሻ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ቢመጣ የበሰለው ዘለላ ውሃ ጠጥቶ ይፈነዳል፣ የፈነዳው ይሻግታል። ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ምረጡ፣ መስከረምንም አታሳልፉ አለ።

6ኛዋ እህትየው ራሷ ናት፣ ከጣልያን። የምትሠራበትን ቤት እንዲህ ገለጸችው። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና የባልየው እናት ናቸው። በለቀማ ቀን ፍሬው ገና ጠዋት፣ ሳይሞቅ ይገባል። አሮጊቷ መልቀሚያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሻገተውን ፍሬ ከዘለላው በጥፍራቸው ይነቅላሉ፤ ማንም አያጣድፋቸውም። ከዚያ ፍሬው ሳይውል ሳያድር ይጨመቃል። ቀዩ ወይን ከነልጣጩ ይፈላል፤ ነጩ ግን ጭማቂው ብቻ ተለይቶ ነው የሚፈላው፣ በ12 እና በ18 ዲግሪ መካከል፣ ቀስ ብሎ። ከመጭመቂያው ሲወርድ አረንጓዴ ይላል፤ አየር እንዳገኘ እንደተላጠ ድንች ይጠቁራል። የነጭ ወይን ጭንቀት ሁሉ ይኸው ነው አለች፤ ፍጥነትና ብርድ። የሶአቬ ኮረብቶች በከፊል ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ የእኛም ጥቁር ድንጋይ ዘመዱ ነው። ሐረጉንም በጥንቱ ልማድ ዳስ ላይ ነው የሚያወጡት፤ ቅጠሉ ዘለላውን ከፀሐይ ይጋርደዋል። የአባታችን ዳስ አለልን፣ ጋርጋኔጋ የሚባለውን የዚያን አገር ዝርያ እንትከል ብላ ጨረሰች።

የፑኔው ሰው ተመልሶ አንድ ነገር ብቻ አስተካከለ። ጋርጋኔጋ ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ነው፣ በልጉ ይበላዋል፤ ሻርዶኔ ይቀድማል፣ አገሩንም ለምዷል። እህትየው ተቀበለች፣ ግን ደስ አላላትም።

ጨዋነቱ ያበቃው 7ኛው ላይ ነው። የእርሻ መድኃኒት ነጋዴ መሆኑን ራሱ ተናግሮ ጀመረ። ያለ ኬሚካል የሚባለው የፈረንጅ ሽንገላ ነው አለ። የአውሮፓ ኦርጋኒክ ወይን ገበሬ መዳብና ድኝ ይረጫል፤ ሕጉም በሄክታር በሰባት ዓመት እስከ 28 ኪሎ መዳብ ይፈቅድለታል። መዳብ ደግሞ አንዴ አፈር ከገባ አይወጣም። እኔ የምሸጠው በሳምንት ይጠፋል፣ የእናንተ ለልጅ ልጅ ይተርፋል አለ። አነጋገሩ ባለጌ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ልክ ነው። ስለዚህ መልሱን ይሰረዝ ያላችሁ ሰዎች እኔ አልደገፍኳችሁም።

8ኛው የእህትየው ምላሽ ነው። መዳቡን አልካደችም። የምትሠራበት ቤትም የሚያፍርበት ነገር ይኸው ነው፤ የረጩትን በግራም መዝገብ ላይ ይጽፋሉ፣ ሲደርቅም ይተዉታል። ግን መዳብ የሚያስፈልገው በዝናብ ለሚመጣው የቅጠል በሽታ ነው፤ በደረቁ ወራት ፍሬ የሚያደርስ ሰው ከዚያ በአብዛኛው ይድናል። በደረቅ ጊዜ የሚያስቸግረው ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው ነው፤ ለእሱ ድኝ ይበቃል። እሱንም ማለዳ ነው መርጨት፤ በቆላ ሙቀት ቀትር ላይ የተረጨ ድኝ ቅጠሉን ያቃጥላል። ወይኑ እንዳይበላሽ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው ሰልፋይትም ገደብ አለው። አውሮፓ ውስጥ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረቅ ኦርጋኒክ ነጭ ወይን በሊትር ከ150 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ተወስኗል፤ የሌላው ነጭ ወይን ገደብ 200 ነው። ዜሮ ነው ብዬ አልዋሽም አለች። ነጋዴው ሁለት ቃል ጻፈ፣ እዚህ አልደግመውም።

9ኛው ከሸዋሮቢት ግድም የጻፈ ሙስሊም ገበሬ ነው። እኔ ወይን ጠጅ አልጠጣም፣ የሚጠጣውንም አልፈርድበትም፣ ነገሬ ከውሃው ነው ብሎ ጀመረ። ታች ያለነው ሽንኩርትና ማሾ የምናለማው ከላይ በሚወርደው ቦይ ነው። አንድ ሰው ከላይ ቋሚ ተክል ከተከለ ተራው በጋውን ሙሉ ሊሆን ነው፤ ጠብታ መስኖ ካላደረጋችሁ ከወዲሁ ጠብ ነው። ቀጥሎ ያለው ለኔ የክሩ ከባድ ነጥብ ነው። ኦርጋኒክ ለመሆን እናንተ አለመርጨታችሁ አይበቃም አለ። ጎረቤት ሽንኩርቱን በሳምንት እየረጨ፣ ነፋሱ ወደ እናንተ እያመጣው፣ በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ደግሞ እዚያው ቦይ ውስጥ እያጠበው፣ ነጩ አረፋ ሲወርድ ሁላችንም እያየን ምኑ ነው ኦርጋኒክ? ለዚህ እስካሁን የተሟላ መልስ የሰጠ የለም።

10ኛው ዲያቆን ነው። ደጃፍ ላይ ያለችው ሐረግ ለዘቢብ ትሁን አለ። የቁርባኑ ወይን ከዘቢብ ተዘፍዝፎ ቤተ ልሔም ውስጥ ነው የሚጨመቀው፤ ዘቢቡ የሚገዛው ግን ከገበያ ነው። የአገር ዘቢብ ማግኘት ከጠርሙሱ ገንዘብ ይበልጣል ባይ ነው። ደግ ሐሳብ ነው፣ ሌላ ክር ይገባዋል።

ከ11 እስከ 15 ያለውን ብታልፉት አይቆጫችሁም። አንዱ ጭላዳ ይጨርስባችኋል አለ። የመንዝ ልጅ ተቆጥታ አረመችው። ጭላዳ ሣር በሊ ነው፣ የሚውለው ጓሳና ገደል ላይ ነው፤ ቆላ ወርዶ ፍሬ የሚያራግፈው ዝንጀሮና ጦጣ ነው። ስለ ጣርማ በር ጉም ሁለት ሰዎች አወሩ። የደብረ ብርሃን አረቄ ከየት ከየት እንደሚበልጥ ሦስት ሰዎች ተከራከሩ። አንዲት ጠጅ ጣይ እናት ግን ከልባቸው ለመርዳት፣ ጋኑን በወይራ አጥናችሁ ጣሉት፣ ጌሾም ጣል አድርጉበት አሉ። እህትየው እትዬ እባክዎ ብላ የጻፈችው መልስ እየሳቅሁ ያነበብኩት ብቸኛው ነው። ጭሱ ነጭ ወይንን ለዓመት አይለቀውም።

16ኛው ማን እንደሆነ አላውቅም። ስሙን ዘንድሮ ብቻ ነው ያየሁት፤ የጭነት መኪና የሚነዳ ይመስላል። ለኔ ግን የክሩ ፍሬ እሱ ጋ ነው። 3ኛውና 4ኛዋ ሁለቱም ልክ ናቸው አለ። ወይኑ የሚጣፍጠው ቆላ ነው፣ ጠጁ የሚፈላው ደጋ። ሌላ አገር ይህ ሁለቱ መቶ ኪሎ ሜትር ይራራቃል። እኛ ጋ ሸዋሮቢትና ደብረ ሲና በመኪና 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከፍታው ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ይለያያል፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ታች ልቀሙ፣ ላይ ጥመቁ። ማቀዝቀዣ የሚገዛ ገንዘብ ስለሌላችሁ ተራራውን ተጠቀሙበት። እህል ለዋጩ ከአንኮበር አልዩ አምባ ሲወርድ ሲወጣ የኖረው በዚሁ ብልሃት አይደል ወይ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከዲግሪ አይገኝም።

17ኛው ተቃወመ። በጄሪካን የተጫነ ጭማቂ ዳገቱን ሳይጨርስ መፍላት ይጀምራል፣ አየሩም ያጠቁረዋል፤ መንገዱም ሁሌ ክፍት አይደለም። እህትየው 18ኛው ላይ ግማሹን ተቀብላ ግማሹን አስተካከለች። ጭማቂ አይጫንም፣ ፍሬው ነው የሚጫነው፤ ጥልቀት በሌለው ሳጥን፣ ታችኛው ዘለላ እንዳይጨፈለቅ፣ ሌሊት ተለቅሞ ከንጋት በፊት። መጭመቂያው ደብረ ሲና ይቀመጥ። መንገዱ ከተዘጋ ፍሬው ሐረጉ ላይ ጥቂት ቀን ይታገሣል፤ ከተለቀመ በኋላ ግን አይታገሥም።

19ኛው የሒሳብ ሰው ነው፤ ደረቅ ነው ግን ይጠቅማል። ለአንድ ጠርሙስ ከአንድ ኪሎ ከሩብ የማይርቅ ፍሬ ይሄዳል። ጠርሙሱና ቡሹ ከፍሬው ይልቅ ያስጨንቃችኋል አለ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ተከልክሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰውም አይሸጥም፤ ስለዚህ ስማችሁ የሚወጣው በሆቴል አስተናጋጅ አፍ ነው። ኦርጋኒክ የሚለውን ቃል ጠርሙስ ላይ ለመጻፍ ደግሞ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አለ። አውሮፓ መላክ ካሰባችሁ ለቋሚ ተክል ከለቀማው በፊት የሦስት ዓመት የሽግግር ጊዜ ይጠየቃል፤ የተቆጣጣሪውን ወጪ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይችለውም፣ ከጎረቤት ጋር ተደራጁ። አንዷ መሬታችን ድሮም ማዳበሪያ ስለማይገዛበት ኦርጋኒክ ነው ስትል፣ ስለደኸየ አልረጨም ማለትና ኦርጋኒክ ማለት አንድ አይደለም ብሎ መለሰላት። መራራ ነው፤ ልክ ግን ነው።

20ኛው በየዋህነት፣ እህትየው ለገና ስትመጣ ቁርጥራጭ ሐረግ በሻንጣ ታምጣ አለ። 21ኛዋ የዕፅዋት ኳራንቲን ሥራ የምታውቅ ሰው መሆን አለባት፣ እሳት ሆና ነው የጻፈችው። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ በመጣ ችግኝ ላይ ተሳፍሮ የገባው ፊሎክሴራ የሚባል ሥር በል ነፍሳት የአውሮፓን ወይን አውድሟል፤ እስከ ዛሬ አብዛኛው የሚተከለው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ተቀጥሎ ነው። አንድ ሻንጣ የዝዋይንም የመርቲንም የወይን እርሻ ሊያጠፋ ይችላል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወይን ዝርያ ሲሞክር ኖሯል፣ ከዚያ ጠይቁ አለች። እህትየው ሻንጣ ያልኩት እኔ አይደለሁም ብላ አኩርፋለች።

22ኛው ክሩን ገለበጠው። የጠያቂው ታናሽ ወንድም ነኝ ብሎ ገባ። ደብተሩ በእናታችን ስም ነው፣ አምስት ልጆች ነን፣ እኔን የጠየቀኝ የለም አለ። ሌሊት ተነስቼ ውሃ የማዞረው እኔ ነኝ፤ እነሱ ከአዲስ አበባና ከጣልያን ፎቶ ይለዋወጣሉ። ሽንኩርት በአራት ወር ይደርስልኛል፣ ወይን ሦስት ዓመት ያስጠብቃል፤ ሦስት ዓመት ምን ልብላ? የአባቴን ብርቱካንስ ማን ነው የሚቆርጠው? ጠያቂው በንዴት፣ 9ኛው የተናገረለትን መርጫ ቦዩ ውስጥ የምታጥበውስ አንተ አይደለህም ወይ አለው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት መልሶች አድሚን ሰርዟቸዋል፤ ደግ አደረገ።

23ኛው የአንኮበሩ አባት ናቸው። ሁለቱንም ገሠጹ። ታላቁን፣ ደብተሩን መጀመሪያ ቀን ጠይቄህ ነበር፣ ለኛ ከመንገርህ በፊት ለእናትህ መንገር ነበረብህ አሉት። ታናሹንም፣ የቤት ጉዳይ አደባባይ የወጣው ባንተ አይደለም፣ መርጫውን ግን ከቦዩ አርቀህ እጠብ አሉት። ማንም መልስ ሊሰጣቸው አልደፈረም።

24ኛው ጠያቂው ነው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ። እናትየው የላይኛውን እርከን ብቻ ፈቅደዋል። ብርቱካን አይነካም፤ የታናሹ ሽንኩርት ታች ባለበት ይቀጥላል፤ መርጫው ከቦዩ ርቆ ይታጠባል። እህትየውም ለመጀመሪያው ግረዛ ራሷ ካልመጣች አንድ ሐረግ አይተከልም ብለዋል፤ በስልክ የሚገረዝ ተክል የለም። የታችኛው ገበሬ ጠብታ መስኖው ከተከላው በፊት መዘርጋቱን ማየት እፈልጋለሁ ብሎ እሺታ አግኝቷል።

25ኛው የፑኔው ሰው፣ ችግኝ ከማዘዛችሁ በፊት የላይኛው እርከን ላይ አንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ አሳዩኝ አለ። የቆፈረው ታናሽ ወንድሙ ነው። 26ኛው መልስ የእሱ ነው፣ አጭር ነው፤ ጉልበት ድረስ አፈር፣ ከዚያ ድንጋይ። የፑኔው ሰው ድንጋዩ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ሥሩ እየፈለገ ይገባል፣ ወጥ አለት ከሆነ ግን ተዉት ብሎ ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ጠይቋል። ፎቶው ገና አልተለጠፈም።